ዲስኩ ሳይሞት ፊልሙን እናውጣ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ኮምፒውተር አንድ ነገር ንገረን» ሲሉኝ ስለ አዲስ ነገር የማወራ መስሏቸው ነበር። እኔ የመጣሁት ስለ አሮጌ ነገር ነው። ስለ ዲስክ። ቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ፣ ወይም ከአገር ቤት ስትመጡ በያዛችሁት ሻንጣ ኪስ ውስጥ ስለተቀመጠው ዲቪዲና ቪሲዲ።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

የታላቅ እህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ነበር፣ በ1999 ዓ.ም.። ፎቶ ቤቱ ሦስት ዲቪዲ ሰጠን። ላያቸው ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ያኔ ያ ወረቀት ራሱ ጌጥ ነበር። አንዱ ከእህቴ ጋር እዚህ ሜሪላንድ መጣ። አንዱ እናታችን ዘንድ ቀረ። ሦስተኛውን አጎታችን ወሰደው፤ የት እንደገባ እሱ ራሱ አያውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ተሰበሰብን። ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ተፈላ። ልጆቹ «የእማዬን ሠርግ አሳዩን» አሉ። ከተትነው። ሚዜዎቹ ገቡ፣ ጭፈራው ደራ። እህቴ ከቤት ልትወጣ ስትል የአያታችንን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች። እዚያ ላይ ቀጥ አለ። አያቴ ለምርቃት አፏን እንደከፈተች ቀረች። ወደ ፊት ብናስኬደው እምቢ። አውጥተን ብንጠርገው እምቢ። አያታችን ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ድምጿ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ፎቶ ቤቱ ጋ ደወልን። የካሜራው ካሴት ላይ የሌላ ሰው ሠርግ ተቀድቶበታል።

ስለዚህ የዛሬው ልመናዬ አንድ ነው። ዲስኩን አትመኑት። ገና እየተነበበ ሳለ ፊልሙን አውጥታችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡት።

እስቲ ቤት ስትገቡ ዲስካችሁን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት። እንደ መስታወት ብርማ ከሆነ ፋብሪካ ውስጥ የታተመ ነው። ፊልሙ በጥቃቅን ጉድጓዶች ፕላስቲኩ ላይ ተጨፍልቆ፣ አሉሚኒየም ተቀብቶበታል። ይሄኛው በደንብ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይቆያል። ሥሩ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ከሆነ ግን ፎቶ ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። እዚያ ጉድጓድ የለም፣ ቀለም ነው ያለው። የመቅጃው የሌዘር ጨረር ቀለሙን እየለበለበ ነው የጻፈበት። ቀለም ደግሞ ያው ቀለም ነው። ፀሐይ ይበላዋል፣ ሙቀት ይበላዋል፣ ሳይነኩትም ይደበዝዛል። የሠርጋችን፣ የክርስትናችን፣ የተመረቅንበት ቀን ዲስክ ሁሉ ማለት ይቻላል ወይን ጠጁ ነው።

ያ የተለጠፈው ወረቀትም ጣጣ አለው። ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባዋል። ሙጫው ሲደርቅ ደግሞ ይላጣል። እነቅላለሁ ብላችሁ አትሞክሩ፣ አብሮት የሚነቀል ነገር ይኖራል።

ቪሲዲ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። ሥሩን እየተንከባከብን ላዩን እንደፈለግን እናደርገዋለን። ቪሲዲ በአካሉ ሲዲ ነው። ሲዲ ላይ ፊልሙ ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር፣ በስስ ሽፋን ብቻ ተሸፍኖ ነው። ላዩ ተጫረ ማለት ፊልሙ ራሱ ተጫረ ማለት ነው። ዲቪዲ ግን 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ ፊልሙ መሃል ነው፣ እንደ ሳንድዊች። ሥሩን ኮልጌት የቀባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ቀብቻለሁ። ላይ ላዩን ያለ ጭረት ያለሰልስ ይሆናል፣ የደበዘዘ ቀለም ግን አይመልስም። የግድ መጥረግ ካለባችሁ በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። እንደ ምጣድ ዙሪያውን አታስሱት።

እንግዲህ ወደ መቅዳቱ። አብዛኛው አዲስ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ግን በ30 ዶላር ገደማ ይገኛል።

ዲቪዲውን ከትታችሁ ኮፒ፣ ፔስት ብላችሁ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ይወጣል። ውስጡ ያለው አንድ ሙሉ ፊልም ሳይሆን ቁርጥራጭ ነው። ዲቪዲ ፊልሙን ቮብ በሚባሉ፣ ከ1 ጊጋ በማይበልጡ ፋይሎች ይከፋፍለዋል። ሰው አንዱን ብቻ ይቀዳና «ሠርጉ መሃል ላይ አለቀ» ይላል።

ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ዲስኩን እንዳለ ማውጣት ነው። ሌላው ያወጡትን ማሳነስ ነው። አብዛኛው ሰው ሁለቱን በአንዴ ሊጨርስ ይሮጣል፤ እኔም እንደዚያ እያደረግሁ ብዙ ፊልም አበላሽቻለሁ። መጀመሪያ እንዳለ አውጡት። ፊልሙ በአንድ ንብርብር ብቻ የተጻፈበት ነጠላው ዲቪዲ ሙሉ ቢሆን 4.7 ጊጋ ነው፣ በሁለት ንብርብር የተጻፈበት ድርቡ 8.5። ዛሬ ይሄ ምን አላት? 1 ቴራ የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ነጠላውን ከ200 በላይ ይይዛል። እንዳለ የወጣው ግልባጭ አይኤስኦ ይባላል። ሜኑውም ምዕራፉም ሳይቀር አብሮት አለ። ቪኤልሲ በሚባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ስትከፍቱት ዲስኩን የከተታችሁ ያህል ነው።

ከዚያ በኋላ ለስልክ እንዲመች ማሳነስ ትችላላችሁ። ለዚህ ሃንድብሬክ የሚባለውን ፕሮግራም የሚያህል አላየሁም። ኤሪክ ፔቲ የተባለ ሰው በ2003 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሩት። አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። ዲቪዲ ላይ ያለው ፊልም ኤምፔግ 2 በሚባል የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘዴ የታጨቀ ነው። ሃንድብሬክ ፈቶ በአዲሱ ዘዴ ያጭቀዋል። የሁለት ሰዓት ፊልም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ጊጋ ይሆናል። በዚህ መሃል የሚቀነስ ነገር ግን አለ፣ የተቀነሰውም አይመለስም። አይኤስኦውን አስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሠርግ ቪዲዮ ስታሳንሱ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የዚያን ጊዜ ካሜራ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነበር የሚቀርጸው፤ አንዴ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ አንዴ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ ሙሉዎቹን። በድሮው ቴሌቪዥን አይታወቅም። ኮምፒውተር ላይ ግን እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻ የማበጠሪያ ጥርስ ያወጣል። ሃንድብሬክ ላይ ፊልተርስ የሚለውን ከፍታችሁ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ምረጡ። ትከሻው ይመለሳል።

ስታወርዱም ከራሱ ከሃንድብሬክ ገጽ አውርዱ። እንደዚያም ሆኖ ዓይናችሁን ክፈቱ። በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. ሌቦች ከማውረጃ ሰርቨሮቹ አንዱ ውስጥ ገብተው የማኩን ቅጂ ቫይረስ ባለበት ቀይረውት ነበር። ለጥቂት ቀን ነው፣ ግን በዚያ መሃል ከዚያ ሰርቨር ያወረደ ሰው አለቀለት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ልትጠይቁኝ ያሰባችሁትን ልመልስ። «የሆሊውዱስ?»

የሆሊውድ ዲቪዲ እንዳይቀዳ የተደረገበት ቁልፍ አለበት። ሲኤስኤስ ይባላል። ርዝመቱ 40 ቢት ብቻ ነበር፣ ብዙም አልቆየም። በኦክቶበር 1999 እ.ኤ.አ. ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ ቁልፉን የሚፈታ ትንሽ ፕሮግራም ለቀቀ። ስሙ ዲሲኤስኤስ። አገሩ ከሰሰችው። የኦስሎ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2003 ነፃ ለቀቀው። ዓቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እንደገና ነፃ ወጣ። እዚህ አሜሪካ ግን ፍርድ ቤት ኮዱን ማሰራጨት ከልክሎ ነበር። ሰው ምን አደረገ? ቲሸርት ላይ አተመው። በግጥም ጻፈው። እኛ ብንሆን ሰምና ወርቅ አድርገን እናሳልፈው ነበር።

የአሜሪካ ሕግ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ነው። ዲስኩን በገንዘባችሁ ብትገዙትም ቁልፉን መስበር ራሱ ክልክል ነው። 321 ስቱዲዮስ የሚባል ድርጅት የመቅጃ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር፤ በ2004 ተፈርዶበት ተዘጋ። ሪልኔትወርክስ በ2008 የራሱን ይዞ መጣ፤ ፍርድ ቤት አስቆመው፣ በ2010 4.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። በግሌ ይሄ ሕግ አይዋጥልኝም። የገዛሁትን ሳጥን ቁልፍ ስፈታ ሌባ መባል አለብኝ? ቢሆንም እዚህ ቆሜ ስበሩ አልላችሁም። ሃንድብሬክም ብቻውን ቁልፍ አይሰብርም።

ደግነቱ የእኛ ሠርግ ቁልፍ የለውም። ቪሲዲም ቁልፍ አልተሠራለትም። የእኛ ጠላት ሆሊውድ ሳይሆን ጊዜ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ከአገር ቤት የመጣውን ዲስክ እዚህ በተገዛ ማጫወቻ ከታችሁ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲንሸራተት፣ ወይም ጭራሽ አልከፍት ሲል «ተበላሽቷል» ያላችሁ ትኖራላችሁ። ላይሆን ይችላል። የቴሌቪዥን ምስል አሠራር ከአገር አገር ይለያያል፤ አገር ቤት የምንጠቀመው ፓል የሚባለውን ነው፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን። ማጫወቻው አልተግባባም እንጂ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ለኮምፒውተር ሁለቱም አንድ ናቸው። ቁም ሳጥን ጥግ የጣላችሁትን አውጥታችሁ ሞክሩት። ሪጅን የሚባለው፣ ዲስኩ የተሸጠበትን የዓለም ክፍል የሚለየው ቁጥር፣ ደግሞ ሌላ ነው። የታተመ ፊልም ስትከቱ ኮምፒውተሩ «ሪጅን ልቀይር?» ካላችሁ አትቸኩሉ። አሜሪካ 1 ነው፣ ኢትዮጵያ 5። መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ማንበቢያው የመጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

የአማርኛ ፊልሞቻችን በሁለት ቪሲዲ ይመጡ የነበሩት አንዱ ከ80 ደቂቃ በላይ ስለማይችል ነው። እነሱን መቅዳት ቀላል ነው፤ ዳት የሚለውን ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ ማምጣት ነው፣ ቪኤልሲ ይከፍተዋል። ግን ቪሲዲ ፊልሙን ለማስገባት ሲባል የማይነበበውን ለማረም የሚያገለግለው ቦታ ስለተወሰደበት ትንሽ ጭረት ታስቆመዋለች። ያን ጊዜ አይሶባስተር የሚባለውን ፕሮግራም ሞክሩ።

እዚህ ላይ ግን እንተዋወቅ። እነዚያ ፊልም ሠሪዎች በሲኒማ ቤት እያሳዩ ቪሲዲውን ለማውጣት ይፈሩ የነበረው ከእኛ የተነሳ ነው። ጠዋት ከወጣ ማታ በየሰፈሩ ተቀድቷል። የአገራችን የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለራሱ መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረጉን በመርህ ደረጃ አይከለክልም። አንድ ነው ያለው። ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ብር መልቀም፣ በፍላሽ እየጫኑ መሸጥ፣ ያ ሌላ ነው።

ወደ አያቴ ልመለስ።

የእህቴን ዲስክ በዊንዶውስ ልቀዳ ስሞክር መሃል ላይ ሲደርስ «አልችልም» ብሎ የቀዳውንም ጥሎት ወጣ። ማጫወቻ ያልተነበበውን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። ኮምፒውተር ግን ድርቅ ያለ ነው፣ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ሁሉንም ይተዋል። ዲዲሬስኪዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። መልኩ አያምርም፣ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ግን ትዕግሥቱ! መጀመሪያ ደህናውን ሁሉ ይሰበስባል። ከዚያ ወደ ተጎዳው ይመለሳል፣ በትንሽ በትንሹ ይቆነጥራል፣ እምቢ ካለው ያልፍና እንደገና ይመጣል። የትኛው ቦታ እንደቀረው በማስታወሻ ይይዛል። ማታ ከፍቼው ተኛሁ። ጠዋት ሁሉንም አውጥቶ ትንሽ ቀርቶታል። የቀረው የት ነው? አያቴ ላይ።

በወሩ ሰው መጣ። እናቴ የእሷን ዲስክ በነጠላ ጠቅልላ በርበሬው መሃል ልካልኛለች። እሱም ታሟል፣ ግን ሌላ ቦታው ላይ፣ መጨረሻው አካባቢ። ሁለቱም ከአንድ ፋይል የተቀዱ ስለነበሩ ልክ በልክ ይገጥማሉ። ለዲዲሬስኪዩ ያንኑ ማስታወሻ ሰጥቼ የእናቴን ዲስክ ከተትኩለት። የጎደለውን ብቻ ፈልጎ ሞላ። በሩብ ሰዓት አለቀ።

እህቴን ጠርቼ ከፈትንላት። ጎንበስ አለች፣ አያቴ ጭንቅላቷን ያዘች፣ «ውለጂ፣ ክበጂ» አለች። እህቴ አራት ልጅ አላት፤ «እሱስ ደርሷል» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። አይኤስኦው አሁን እሷ ቤት አለ፣ እኔ ቤት አለ፣ አዲስ አበባም በፍላሽ ተልኳል።

ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማንበቢያና አንድ ላፕቶፕ አስቀምጫለሁ። ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ አሁኑኑ እንጀምር። ወይን ጠጆቹ ይቅደሙ። ያልያዛችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡ፣ ባዶ ሃርድ ዲስክ ግን ከየቤታችሁ ነው። ኮልጌት የተቀባም ቢሆን እቀበላለሁ።

አመሰግናለሁ።