ተራሮቹ ከወገባቸው በታች ሲሰወሩ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ይዤ ወደ ምዕራብ ስነዳ የሮኪ ተራሮች ከፊቴ ተደርድረው ይቀበሉኛል፤ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ግን ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ እንደ ክዳን ስለሚጋደም፣ የከተማው ጭስ ታፍኖ ይቀርና ተራሮቹ ከወገባቸው በታች ይሰወራሉ። ነዋሪው ይህን «ቡናማው ደመና» ይለዋል።

በእንዲህ ያለ ማለዳ ያሳፈርኳቸው፣ ዕድሜያቸውን በድንጋይ ከሰል ማዕድን የጨረሱ አንድ አዛውንት «ለዓይን ማማር ብለው እንጀራችንን ዘጉት» አሉኝ። አባባላቸው መሠረት አለው፤ ኮንግረስ በ1977 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የንጹሕ አየር ሕግን ሲያሻሽል፣ በታላላቅ ፓርኮችና በዱር ስፍራዎች ላይ የሚያንዣብበው ጭጋግ እንዲወገድ የደነገገው በእርግጥም ስለ ዕይታ ብሎ ነው። ሆኖም ከከሰል ጭስም የሚመነጩት፣ ብርሃን በትነው ተራራ የሚሰውሩት የሰልፌትና የናይትሬት ጥቃቅን ብናኞች፣ ሳንባ ውስጥ ጠልቀው የሚገቡትም እነዚያው ናቸው።

ዴንቨር ባለችበት በኮሎራዶ ግዛት፣ የአየር ጥራት ቁጥጥር ኮሚሽን ጭጋጉን ለመቀነስ ያጸደቀው ዕቅድ ወደ ፌዴራል መንግሥት ከመላኩ በፊት ለግዛቱ ምክር ቤት ይቀርባል፤ አንድ እንደራሴ ብቻውን እንኳ ጉዳዩ እንዲሰማ መጠየቅ ይችላል። ይህን አልቃወምም፤ የተመረጠ ሰው የተሾመን መጠየቁ ደግ ነው። የማይገባኝ፣ እንዲህ ያለውን ደንብ ለመሻር የሚነሳ እንደራሴ «ግዛታችን በራሱ ይወስን» ሲል ነው። ግዛቱ ተቀባይነት ያለው ዕቅድ ካላቀረበ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2 ዓመት ውስጥ የራሱን ዕቅድ የማውጣት ግዴታ አለበትና፣ ደንቡን የሻረ ምክር ቤት ብዕሩን አንሥቶ ለዋሽንግተን ማቀበሉ ነው። በ2011 ምክር ቤቱ የጭጋጉን ዕቅድ አሳለፈ፤ ኤጀንሲውም በ2012 ተቀበለው። ከዴንቨር በስተሰሜን ያለው የቼሮኪ ኃይል ማመንጫ ከሰል ማንደዱን ደረጃ በደረጃ ትቶ፣ በ2017 ሙሉ በሙሉ ወደ ጋዝ ዞረ።

ለአዛውንቱ ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩም። የነገርኳቸው፣ ከሥራ ለሚፈናቀሉ የከሰል ሠራተኞች የሚቆም የሽግግር ቢሮ ምክር ቤቱ በሕግ ማቋቋሙን ብቻ ነው። «መቼ?» አሉኝ። በ2019 አልኳቸው። በጣታቸው ዓመቶቹን ቆጠሩ፤ ዕቅዱ ካለፈበት ከ2011 ጀምረው ስምንት ሲደርሱ እጃቸውን ጨብጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ።