ከሸክላው ጀርባ

እንደምን አመሻችሁ፣ የሙዚቃ ወዳጆች። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ግሎሪያ ጌይነር ነው።

አብዛኞቻችን የምናውቃት በአንድ ዘፈን ነው፤ በ«አይ ዊል ሰርቫይቭ»፣ «እተርፋለሁ» እንደ ማለት ነው። ይህ ዘፈን ሲወጣ ግን ትልቅ ተስፋ የጣለበት አልነበረም። የገባው በሸክላው ጀርባ ነው። ኩባንያው የተማመነው ከፊት ባለው ነበር።

ግሎሪያ በፈረንጆቹ 1943 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኒዋርክ ተወለደች። በየክለቡ እየዞረች ስትዘፍን ኖራ፣ በ1975 አልበም አወጣች። የዚያ ሸክላ አንዱ ገጽ ይገርመኛል። ሦስት ዘፈን ያለ አንዳች ፋታ ይከታተላል፤ 19 ደቂቃ ገደማ። ጨፋሪው እንዳይቀመጥ ታስቦ የተሠራ ነው።

በ1978 መድረክ ላይ እየዘፈነች ሳለ ወደቀች። አከርካሪዋ ተጎዳ። ሆስፒታል ተኛች፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። «አይ ዊል ሰርቫይቭ»ን ልትቀዳ ስቱዲዮ ስትገባ ገና አላገገመችም፤ ወገቧ በድጋፍ ታስሮ ነበር።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ዘፈኑን እንደ ድሮው መስማት አቅቶኛል። መጀመሪያ ፒያኖው ብቻውን ይንደረደራል። ከዚያ ድምጿ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ፣ ፈራ ተባ እያለ። ምቱ የሚገባው ቆይቶ ነው። ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ ተቀባይ የላትም። እስከ መጨረሻው ብቻዋን ናት። ቀጥ ብላ መቆም ያቃታት ሴት ናት እንዲህ የምትዘፍነው።

ሸክላውን የገለበጡት ዲጄዎች ናቸው። ኒው ዮርክ፣ ስቱዲዮ 54 በሚባል የጭፈራ ቤት ውስጥ፣ ዲጄው ሪቺ ካዞር ጀርባውን አጫወተው፤ ሕዝቡ አበደ። በመጋቢት 1979 የአሜሪካ አንደኛ ዘፈን ሆነ።

ዘፈኑ ዲስኮ ከሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ዲስኮን የሚጠሉም ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ቺካጎ ስታዲየም ውስጥ የዲስኮ ሸክላ ተከምሮ በፈንጂ ጋየ። ፋሽኑ አለፈ። ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ግራሚም ለዲስኮ ሽልማት የሰጠው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1980። የወሰደችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ዝናዋ ቀዘቀዘ እንጂ መዝፈኗን አልተወችም። ፊቷን ወደ መንፈሳዊ ዜማ አዞረች። በ2020፣ በ76 ዓመቷ፣ በጎስፔል አልበሟ ሁለተኛውን ግራሚ ተቀበለች። ከመጀመሪያው 40 ዓመት ቆይቶ! ያን ዜና የሰማሁ ቀን፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ሸክላው እዚህ ማጫወቻው ላይ ነው። ወንድሜ፣ እባክህ ገልብጠው።