ጅራቱን ማን ያሳልፍለት?

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከበስተኋላዬ የምትሰሙት ኳኳታ ዝናብ ነው። የደብረ ማርቆስ ሐምሌ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ለማይክሮፎን አያዝንም፤ እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ደግሞ መስከረም ይጠባል።

የማወራችሁ ስለ ባቡር ነው። ጎጃም ተቀምጦ ስለ ባቡር ማውራት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ሐዲድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ እኛ አልመጣም። እኔም ባቡር የተሳፈርኩት 30 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ከለቡ ጣቢያ እስከ አዳማ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ሳለ ከፊት የመጣ ባቡር በጎናችን ሽው ብሎ አለፈ። ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ወደ ሚኤሶ ግን ነጠላ ይሆናል። ሌላው ተሳፋሪ ቀና ብሎም አላየ። እኔ ግን ሁለቱ አንዳቸው ሌላውን ሳይጠብቁ መተላለፋቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ምክንያት አለኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ ነው። ልጅ ሆኜ አንዳንዴ ይወስደኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ሌላ መኪና ካየ ዳር ይዞ ይቆማል። ቦታው ይበቃል አይበቃም ብሎ አይለካም። «ይለፍ» ይላል፤ ያኛው ሲያልፍ እጁን ያነሳለታል፤ ከዚያ እኛ እንገባለን። እኔ ደግሞ ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጥኩ «አባባ፣ እንሂድ እንጂ!» እለው ነበር።

የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ የሞዴል ባቡር ይዞልኝ መጣ። ልኩ ኤች ኦ ይባላል፤ አንድ ለ87፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ይህን በ87 ብታባዙት 1435 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ መስመር ስፋት ልክ ይኸው ነው። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሠርቼ ሳየው ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ አልነግራችሁም።

ባቡሩ በመጣ በዓመቱ የዓባይን ሸለቆ ለመሥራት ተነሳሁ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው። በ87 ሲካፈል ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ የእኔ ክፍል ግድግዳ ሦስት ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የራሴን ድልድይ 90 ሴንቲሜትር አድርጌ ቆረጥኩት። በእውነተኛው ድልድይ ላይ ሐዲድ የለም የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በእኔ ቤት አለ።

ድልድዩን የሠራሁት ከእንጅባራ ከመጣ ቀርከሃ ነው። ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ በኮላ ተጣብቆ። ጎንና ጎኑ የተጠላለፈ አጥር መሰል ድጋፍ ነበረው፤ ባቡሩ በመካከሉ ያልፋል። ለአንድ ሐዲድ በጣም ያምር ነበር። ችግሩ የመጣው ሁለተኛውን ሐዲድ ላስገባ ስል ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት በዓባይ ላይ የተደረገውን ማድረግ ነው፤ ከአሮጌው ጎን አዲስ መገንባት። ሁለተኛ ቀርከሃ ድልድይ ሠርቼ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አቆምኩት። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሁለት የጎን ድጋፎች ስለገቡ የሐዲዶቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 80 ሚሊሜትር ሆነ። ሌላው ቦታ ላይ የተዘረጉት በ50 ነበር። ስለዚህ ወደ ድልድዩ ሲደርሱ ይከፈታሉ፣ ሲሻገሩ ይገጥማሉ፤ ልክ አይጥ እንደዋጠ እባብ መሐላቸው ይነፋል። መልኩ ቢያስጠላም ልታገሠው እችል ነበር። ነገር ግን ባቡሩ ወደ ግራ ተጣጥፎ ወዲያው ወደ ቀኝ ሲመለስ ረጃጅሞቹ ፉርጎዎች እርስ በርስ በመያዣቸው ይጓተቱና ከሐዲድ ይወጣሉ። ሁለት ተቃራኒ ጥምዞች ካሉ በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ፉርጎ ርዝመት ያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ ያስፈልጋል። እኔ ጋ አንድ ጣትም አልነበረም።

አፈረስኩት። የሦስት ወር ሥራ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ድጋፉን ወደ ታች አወረድኩት። ሐዲዱ ከላይ ይተኛል፣ ቀርከሃው ከሥር ይሸከማል። ጎን ላይ የሚያጋጥም ነገር ስለሌለ ሁለቱም በ50 ሚሊሜትር ቀጥ ብለው ተሻገሩ። ጥንካሬውን ለመፈተን መሐሉ ላይ ሁለት ኪሎ የቢቸና ጤፍ በፌስታል አስቀመጥኩ። ሦስት ሚሊሜትር ጎበጠ። ለሁለት ባቡር ክብደት ይህ ብዙ ነው፤ ከመሐል አንድ ምሰሶ ጨመርኩለት። በየሐዲዱ ውስጥ ደግሞ እንደ እውነተኛ ድልድይ ሁለት ተጨማሪ ብረቶች ዘረጋሁ። ጎማው ከሐዲድ ቢወጣ እንኳ ወደ ገደል እንዳይሄድ የሚይዙት እነዚህ ናቸው። አንዱ ተጨማሪ ብረት ኤሌክትሪክ የሚሄድባቸውን ሁለቱን የሐዲድ ብረቶች አገናኝቶ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶብኝ ግማሽ ቀን ምክንያቱን ስፈልግ ውያለሁ፤ እሱን ልለፈው።

ከዚያ ሁለቱን ባቡሮች አስነሳሁ። ድልድዩ ላይ ተገናኙ። ሳይነካኩ ተላለፉ! ገና ጮቤ ልረግጥ ስል ከድልድዩ መውጫ ላይ ካለው ጥምዝ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። የመንገደኛው ፉርጎ የሌላውን ባቡር ጎን መትቶ ሁለቱም ወለል ላይ ወደቁ።

ልኬቱ አልገባኝም። የፉርጎው ወርድ 35 ሚሊሜትር፣ የሐዲዶቹ ርቀት 50። አሥራ አምስት ሚሊሜትር ትርፍ አለኝ። ታዲያ ምኑ ነካው?

አባባ አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ድምፁን ሰምቶ ጋቢውን እየጎተተ መጣና የወደቀውን አየ። ጥምዙንም አየ። «አንተ ልጅ» አለኝ፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ «ተሳቢ ይዘህ የበረሃውን ጥምዝ ስትዞር የኋላ ጎማህ በፊተኛው መንገድ አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ራሱ ሲያልፍ ጅራቱን ማን ያሳልፍለት?»

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እውነተኛው ፉርጎ 26 ሜትር ከ40 ነው፤ የእኔው 303 ሚሊሜትር። አዎ፣ እንደ ድልድዩ ቁጥር፤ እኔም ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት። ጎማዎቹ ያሉት ጫፉ ላይ ሳይሆን ትንሽ ገባ ብለው ነው። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ያህል ራዲየስ ባለው ጥምዝ ላይ የፉርጎው ሆድ ወደ ውስጥ 12 ሚሊሜትር ይገባል፣ ጫፎቹ ደግሞ ወደ ውጭ 11 ይወጣሉ። የውጩ ባቡር ሆድና የውስጡ ባቡር ጫፍ ሲገናኙ 23 ሚሊሜትር ይበላሉ። የእኔ ትርፍ 15 ነበር።

ያም ሆኖ ስሌቱን አላመንኩትም፤ ፉርጎው ሆድና ጫፍ ላይ እርሳስ በፕላስተር አስሬ፣ ከሥሩ ካርቶን ዘርግቼ በእጄ ገፋሁት። እርሳሱ የሣለው መስመር አባባን ደገፈ። ጥምዙ ላይ ሐዲዶቹን ወደ 65 ሚሊሜትር አራቅኳቸው፤ ድልድዩ ላይ በ50 ቀሩ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረውን ለማለስለስ ደግሞ ከድልድዩ አፍ በፊት 40 ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ሰጠሁ። ለዚህ ሲባል የደጀን በኩል ገደል በሙሉ ተገፍቶ የልብስ ቁም ሳጥኑን ቦታ ወሰደ። ቁም ሳጥኑ አሁን ሳሎን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አለቀ። መብራት ነበር፣ ተመስገን። አባባን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ሁለቱንም ባቡሮች አስነሳሁ። ጥምዙን ዞሩ፣ ድልድዩ ላይ ተገናኙ፣ ተላለፉ። ደግመው ዞሩ፣ ደግመው ተላለፉ። ምንም አልተነካካም። እኔ ፊቱን ነበር የማየው።

አራተኛው ዙር ላይ «ይኼኛው ለምንድን ነው የማይቆመው?» አለኝ።

«ቦታው ይበቃቸዋል እኮ፣ አባባ። ሁለት ሐዲድ ነው።»

«አየሁ» አለ። ዝም ብሎ ማየቱን ቀጠለ።

መቆጣጠሪያውን ይዤ ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ከጎሐ ጽዮን በኩል የሚመጣውን ከድልድዩ አፍ ላይ አቆምኩት። የደጀኑ ብቻውን ገባ፤ ቀስ ብሎ፣ ቀርከሃውን እያንኳኳ። መሐል ላይ ሲደርስ አባባ ከጋቢው ሥር እጁን አወጣና አነሳለት።