አንድ ቀይ መስመር፣ አንድ አረንጓዴ መስመር

እሺ። ዛሬ ያለ ሙዚቃ ነው የገባሁት። ስለ ደረጃ እድገት አወራለሁ ብዬ ነበር፣ ጥያቄ የላካችሁም አላችሁ፣ ይቆየን። አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለ ረጅሟ ኮሜንት፣ አብራኝ ኮድ የምትጽፈው ባልደረባዬ፣ ከሥራ የለችም።

አዎ፣ እሷው። ስሟን ጠርቼላችሁ አላውቅም እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለሷ ስትሰሙ ነው የከረማችሁት። ኮዱ መሃል ለሚያነበው ሰው በምትተወው ማስታወሻ፣ አራት ቃል በሚበቃበት አራት አንቀጽ የምትጽፈው። ያን ሌሊት ተረኛ ሆኜ በዘጠኝ ሰዓት አላርሙ ሲጮህብኝ ያተረፈችኝ። እሷ ተኝታለች፣ ግን ኮዱ ውስጥ "ይህን ቁጥር አትንኩት፤ እኔ ነክቼው የሆነውን ከታች ጽፌዋለሁ" የሚል ትታልኝ ነበር። ልነካው ነበር እኮ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መልእክት ልልክላት ስከፍት ስሟ ግራጫ ሆኗል። እረፍት የወጣች መሰለኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለሁላችንም ኢሜይል መጣ፣ "ከባድ ውሳኔ" የሚል።

ቅነሳ አዲስ ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ። በኖቬምበር 2022 ሜታ ከ11,000 በላይ ሰው እንደሚያሰናብት ተናገረ። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ አማዞን ከ18,000 በላይ፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ ጎግል ወደ 12,000 ብለው በአንድ ወር ውስጥ ተከታተሉ። ያኔ አንብቤ አዝኛለሁ። ግን የቁጥር ሀዘን ሌላ ነው። አስራ ሁለት ሺህ ሲባል ፊት የለውም። ይሄኛው ፊት አለው፣ ድምፅም አለው፣ ሚቲንግ ላይ ማይኳን ከመክፈቷ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

እሱ አይደለም ግን የሚከነክነኝ። ማለቴ እሱም ነው። የሐሙሱ ነው የባሰብኝ።

ሐሙስ ስድስት ሆነን ተሰበሰብን። ሰባት ነበርን። ማናጀራችን እሷም አላሰበችውም፣ ፊቷ ያስታውቅ ነበር፣ ዝርዝሩን ከኛ በፊት ያየችውም ምናልባት በአንድ ቀን ነው። "የሷን ሰርቪስ ማን ይያዘው?" አለች፣ እሷ ትጠብቀው የነበረውን የሲስተሙን ክፍል ማለቷ ነው። ዝምታ። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ወደ ታች ያያል። እኔ "እኔ ልያዘው" አልኩ። ድምፄ ደግሞ ደስ ያለኝ ይመስል ነበር። ለምን እንደዛ እንደወጣ አላውቅም፣ ዝምታው አስጨንቆኝ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሌላ ሰው ሲወስደው ማየት አልፈለግሁም። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ የቱ እንደነበረ ግን መለየት አቃተኝ።

እና እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ባለቤቶቹ የሚጻፉበት ፋይል አለ። አላርም ሲጮህ ማን እንደሚጠራ፣ ለውጥ ሲመጣ ማን እንደሚያጸድቅ ከዛ ነው የሚነበበው። ከፈትኩት። የሷን ስም አጠፋሁ። የኔን ጻፍኩ። መሣሪያው ለውጡን ሲያሳያችሁ የተቀነሰውን በቀይ፣ የተጨመረውን በአረንጓዴ ነው። ከላይ እሷ በቀይ፣ ከታች እኔ በአረንጓዴ። አንድ መስመር ተቀነሰ፣ አንድ መስመር ተጨመረ።

ሦስት ደቂቃ አልቆየም ጸደቀ። ሦስት ደቂቃ!

ስም ማጥፋት በአማርኛ ሌላ ነገር ነው፣ በሰው ላይ የማይሆን ማውራት ነው። ግን ያን ቀን ያደረግሁትን ለራሴ ስነግረው ሌላ ቃል አጣሁለት። ስሟን አጠፋሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለብቻዬ ስይዘው ነው የከበደኝ። እሷ ከሄደች በኋላ የኔን መዝገብ ስከፍት አንድ ኮድ ሪቪው ይጠብቀኛል፣ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሰው አይቶ እንዲያጸድቀው የሚላክ ኮድ ማለት ነው። የሷ ነው። የላከችልኝ ዓርብ ነው። "ትንሽ ማስተካከያ፣ አያስቸኩልም" ይላል። አያስቸኩልም ስላለች አላየሁትም። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። የሷ ሥራ እኔ ጋ አራት ቀን ተቀመጠ፣ የሷን ስም የማጥፋቱ በሦስት ደቂቃ አለፈ።

ባየውም ምንም አይለወጥም ነበር። ዝርዝሩ ከሳምንታት በፊት ነው የተሠራው፣ አንድ ሪቪው ማንንም አያተርፍም። ይሄን አውቃለሁ። ግን ዓርብ አይቼው ቢሆን ሰኞ የመጨረሻ ቀኗ ላይ አንድ ያለቀ ነገር ይኖራት ነበር። ይሄ ትንሽ ነገር ነው? እኔ እንጃ።

ስለ ስም ካነሳሁ፣ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው መሣሪያ፣ ጊት ላይ፣ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳየው ትዕዛዝ "ብሌም" ነው የሚባለው። ወቀሳ። ሰብቨርዥን የሚባለው የቀድሞው መሣሪያ ላይ ግን ያንኑ ትዕዛዝ "ፕሬይዝ" ብላችሁ ብትጽፉም ይሠራል። ምስጋና። ያው ውጤት ነው የሚያወጣው፣ ያው ስሞች። እኔ የሷን ፋይሎች በየቀኑ በብሌም ነው የማያቸው፣ ገጹ ከላይ እስከ ታች ስሟ ነው። እዛ ላይ ማንም አያጠፋውም፣ ታሪክ ነውና።

ሌላ ደግሞ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን ኤስ-3፣ ብዙ ድረ ገጾች ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት፣ ለሰዓታት ተቋርጦ ግማሽ ኢንተርኔት የቆመ እስኪመስል ድረስ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ አንድ ትዕዛዝ ሲጻፍ የተሳሳተ ግብዓት ነው፣ ከታሰበው በላይ ሰርቨሮች ወረዱ። ኩባንያው ያወጣውን ማብራሪያ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሰውየው ወይም የሴትየዋ ስም የለም። መሣሪያው ይህን ያህል ሰርቨር በአንድ ጊዜ ማውረድ መፍቀዱን ነው ያስተካከሉት። እኔ በጣም የምወደው የዚህ ሙያ ወግ ይሄ ነው፣ ስህተት ሲሆን ሥርዓቱን እንጂ ሰውን አንጠይቅም። ስም አለመጥራት እዛ ላይ ደግነት ነው። የማክሰኞው ኢሜይልም የማንንም ስም አልጠራም። ለምንድነው ያኛው የሚያሞቀኝ፣ ይሄኛው የሚበርደኝ... ወደየት ላደርሰው እንደነበር ጠፋኝ።

ሥራዬን እወደዋለሁ፣ እሱ እንዳይሳሳትባችሁ። ማታ የጻፍኩት ነገር ጠዋት የማላውቃቸው ሚሊዮን ሰዎች እጅ ሲገባ አሁንም ልቤ ይመታል። ከብልሆች ጋር ተቀምጦ መሥራት፣ በየቀኑ አንድ ነገር መማር፣ ይሄን ቀላል አድርጌ አላየውም። የዓርቡን ሪቪው ትናንት አየሁት። በጣም ንጹሕ ሥራ ነው። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ ኮሜንት ጻፍኩላት። ከላክሁት በኋላ ነው ያስታወስኩት፣ የሚያነበው የለም። "አካውንቱ ተዘግቷል" የሚለው ከስሟ ጎን ተጽፏል።

ልቀበለው እችላለሁ፣ ግን ባለቤቱ ሳትኖር አይገባም። በኔ ስም ገልብጬ ላስገባው እችላለሁ፣ ያኔ ብሌም ላይ የኔ ስም ይወጣል። ደግሞ? አይሆንም። ወይ ልዝጋው። በየጠዋቱ "አንድ ሪቪው እየጠበቀዎት ነው" ይለኛል፣ እስካሁን አልዘጋሁትም።

ልደውልላት ነበር። ስልኬን አንስቼ ፈለግሁ። ሁለት ዓመት በየቀኑ አውርተናል፣ ስለ ልጇ ጥርስ ማብቀል አውቃለሁ፣ የምትፈራውን አውቃለሁ፣ ሁሉም ግን በመሥሪያ ቤቱ አካውንት ነው። የግል ቁጥሯ የለኝም። ከቲማችን አንዱ ያለው ይመስለኛል፣ ልጠይቀው እችላለሁ። ሐሙስም ልጠይቀው ነበር፣ ዓርብም። ደውዬ ምን እንደምላት ነው... "ኮድሽን አየሁት" ልበላት? እሱን ነው እንግዲህ...