የወንጀል መዝገብን ከካውንቲ ፍርድ ቤት ማውጣት፦ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ እንደ ምሳሌ

[በስክሪን ላይ፦ የሜሪላንድ ካርታ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በቀለም ተለይቶ ይታያል።]

ለአሜሪካ ዜግነት የሚያመለክት ሰው ኤን-400 በተባለው ቅጽ ላይ በሕይወት ዘመኑ ተይዞ፣ ተከስሶ ወይም ተፈርዶበት ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። መልሱ «አዎ» ከሆነ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በማብራሪያ ደብዳቤ ብቻ አይረካም፤ ጉዳዩ በምን እንደተቋጨ የሚያሳይ፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። ክሱ ተነሥቶ ቢሆን፣ መዝገቡ ተሰርዞ ቢሆን፣ ወይም ጠበቃ «ከእንግዲህ በስምህ ምንም የለም» ብሎ ነግሮት ቢሆን እንኳ ጥያቄው አይቀርለትም። ይህ ቪዲዮ ያ ወረቀት የት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳያል። ለምሳሌነት የመረጥነው ሲልቨር ስፕሪንግና ሮክቪል የሚገኙበትን፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን ሞንትጎመሪ ካውንቲን ነው።

አገር ቤት ሳለ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያወጣ ሰው ፖሊስ ዘንድ ሄዶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ መመለሱን ያስታውሳል፤ አሜሪካም ውስጥ እንዲሁ ሁሉን የያዘ አንድ ቢሮ ይኖራል ብሎ መጠበቁ አያስገርምም። በእርግጥ ኤፍቢአይ በአሻራ ላይ የተመሠረተ የግል ታሪክ ማጠቃለያ በ18 ዶላር ይሰጣል። ይህ ወረቀት ሰውየው መቼና የት እንደተያዘ ለማስታወስ በጣም ይረዳል፤ በተለይ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈጸመና የተፈጸመበት ካውንቲ በትክክል የማይታወስ ጉዳይ ሲሆን መነሻ ይሆናል። ነገር ግን መያዙ ተመዝግቦ ውጤቱ ሳይመዘገብ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ውጤቱን በሙላት የያዘው፣ ሊመሰክርለትም የሚችለው ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት፣ ማለትም ክለርክ ኦፊስ ነው። ፖሊስ ጣቢያ የሚሰጠው ሪፖርትም ቢሆን የፍርድ ቤት ውሳኔን አይተካም።

[በስክሪን ላይ፦ የሁለት ፍርድ ቤቶች ፎቶ ጎን ለጎን።]

በሜሪላንድ አንድ የወንጀል ጉዳይ በሁለት ፍርድ ቤቶች ሊታይ ይችላል። ዲስትሪክት ኮርት አብዛኞቹን ሚስደሚነር የሚባሉ ቀለል ያሉ ወንጀሎችንና የትራፊክ ክሶችን ይመለከታል፤ በሞንትጎመሪ ካውንቲ አንዱ ችሎት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ሮክቪል ነው። ሰርኪዩት ኮርት ደግሞ ፌሎኒ የሚባሉ ከባድ ወንጀሎችን፣ በዳኞች ጉባኤ፣ ማለትም በጁሪ እንዲታዩ የተጠየቁ ጉዳዮችንና ከዲስትሪክት ኮርት በይግባኝ የመጡትን ይይዛል፤ የሚገኘውም ሮክቪል፣ ሜሪላንድ አቬኑ ላይ ነው። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች የየራሳቸው ክለርክ ኦፊስ ስላላቸው የአንዱን መዝገብ ከሌላው መስኮት መጠየቅ የሚያስገኘው ነገር ቢኖር ወደሚቀጥለው ሕንፃ መመራት ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ሜሪላንድ ጁዲሺያሪ ኬዝ ሰርች ከሚባለው የፍርድ ቤቶቹ የራሳቸው ድረ ገጽ ነው። ክፍያ የለውም፤ አካውንት መክፈትም አያስፈልግም። የአጠቃቀም ደንቡን ተቀብለው ከገቡ በኋላ የአባት ስምና የመጠሪያ ስም ያስገባሉ፤ ካውንቲውንም መምረጥ ይቻላል። በኢንተርኔት ላይ «የማንኛውንም ሰው መዝገብ በአንድ ደቂቃ» እያሉ ክሬዲት ካርድ የሚጠይቁ የግል ድርጅቶች ከዚሁ ዓይነት ምንጭ የለቀሙትን መልሰው የሚሸጡ ናቸው፤ የሚሰጡትም ወረቀት ማኅተም ስለሌለው ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ዋጋ የለውም። ገንዘብዎን ለእነርሱ ማውጣት አያስፈልግዎትም።

አሁን የእኛን ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ፤ እርሱም ስም ነው። የአሜሪካ ሥርዓት የሚጠብቀው አንድ የቤተሰብ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ይዘን እንመጣለን። መንጃ ፈቃድ ላይ የአባት ስም መካከል ገብቶ የአያት ስም የመጨረሻ ሆኖ ሲጻፍ፣ ፖሊሱ የመዘገበው ደግሞ በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም ወይም ወልደ ጊዮርጊስ የመሰለ ስም አንዳንድ ጊዜ ተያይዞ፣ አንዳንድ ጊዜ ተለያይቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለተኛው ክፍል ተቆርጦ ይመዘገባል። ተስፋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል መጨረሻው ላይ «ኢ» ሲጨመርበትና ሲቀነስበት ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈልጎ «ምንም የለም» የሚል መልስ ማግኘት መዝገብ ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። በተያዙበት ጊዜ የነበረውን መንጃ ፈቃድ፣ የዋስትና ወረቀት ወይም የትራፊክ ቲኬት ካገኙ በዚያ ላይ በተጻፈው ፊደል ይጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ስሞቹን እያቀያየሩ፣ የስሙን የመጀመሪያ ጥቂት ፊደላት ብቻ እያስገቡም ይሞክሩ። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቶ የተመዘገበ ከሆነም ያንኑ ስሕተት ልብ ማለት ይገባል።

[በስክሪን ላይ፦ ለምሳሌ የተፈጠረ የመዝገብ ቁጥር፣ ሲ-15-ሲአር-22-000000፣ ክፍል በክፍል ይበራል።]

ስሙ ሲገኝ ቶሎ ብለው መቅዳት ያለብዎት የመዝገብ ቁጥሩን ነው። በአዲሱ ኤምዴክ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ውስጥ ቁጥሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ያለው «ሲ» ሰርኪዩት ኮርትን፣ «ዲ» ከሆነ ዲስትሪክት ኮርትን ያመለክታል። 15 ቁጥር በሰርኪዩት ኮርት በኩል ሞንትጎመሪ ካውንቲ ማለት ሲሆን፣ ዲስትሪክት ኮርት ላይ ግን ይኸው ካውንቲ 06 ተብሎ ይጻፋል። «ሲአር» ጉዳዩ ወንጀል መሆኑን፣ ቀጥሎ ያለው ሁለት አኃዝ ዓመቱን ይነግራል። ሞንትጎመሪ ወደዚህ ሥርዓት የገባው በ2021 መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተከፈቱ መዝገቦች ቁጥራቸው ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ ክሶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ነው። አንድ ሰው በአንድ ምሽት ጠብ በሁለተኛ ደረጃ ድብደባና በጸጥታ ማደፍረስ ሊከሰስ ይችላል፤ እያንዳንዱ ክስ የራሱ ውጤት አለው። በአንዱ ክስ ሥር ኖሌ ፕሮሴኳይ የሚል ካዩ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አልቀጥልም ብሏል ማለት ነው። ስቴት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክፍለ ግዛትን አያመለክትም፤ ጉዳዩ ሳይዘጋ ተንጠልጥሎ እንዲቀመጥ መደረጉን ይገልጻል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በማንኛውም ምክንያት፣ ከዚያ በኋላም በቂ ምክንያት ከቀረበ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ግን ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት፣ ማለትም ፍርድ ሳይሰጥ በአመክሮ ማቆየት፣ በተለምዶ ፒቢጄ የሚባለው ውጤት ነው። በሜሪላንድ ሕግ ይህ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም፤ ችሎት ላይ የቆመ ሰውም «አልተፈረደብኝም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ፍርድን የሚተረጉመው በራሱ መንገድ ነው፤ ሰውየው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለ፣ ያ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ሊባል ይችላል። ሜሪላንድ ጥፋተኛ ነኝ ማለትን የማይጠይቅ ሌላ ዓይነት ፒቢጄም ጨምራለች። ሁለቱን የሚለየው ዝርዝር የሚገኘው ድረ ገጹ ላይ ከሚታየው አጭር መስመር ይልቅ ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሙሉውን ወረቀት አውጥቶ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ማሳየት አለበት።

ሌላም ወጥመድ አለ። ተከሳሹ በጁሪ ልዳኝ ሲል ጉዳዩ ከዲስትሪክት ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይሻገራል፤ በዚያን ጊዜ የዲስትሪክት ኮርቱ ገጽ ላይ ጉዳዩ «ተዘግቷል» ተብሎ ሊታይ ይችላል። ይህን አትሞ «ጉዳዬ ተዘግቷል» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ትክክለኛውን ውጤት አላቀረበም፤ ፍጻሜው ያለው በሰርኪዩት ኮርት በአዲስ ቁጥር በተከፈተው መዝገብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ፍርድ ቤቶች ይፈልጉ።

[በስክሪን ላይ፦ የክለርክ ኦፊስ መስኮት።]

ኬዝ ሰርች የሚያሳየው የጉዳዩን የሂደት ዝርዝር እንጂ ሰነዶቹን አይደለም። ሰነዶቹን ለማየት ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዶ ለሕዝብ በተዘጋጀው ኮምፒውተር መጠቀም፣ ወይም በቀጥታ ከመስኮቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመዝገብ ቁጥሩን፣ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስምና የልደት ቀን ጽፈው ይስጡ፤ የሚፈልጉትም «ሰርተፋይድ ኮፒ»፣ ማለትም የተረጋገጠ ቅጂ፣ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ። በእኛ አስተያየት የውሳኔውን ገጽ ብቻ መጠየቅ ቁጠባ አይደለም፤ የክስ ወረቀቱን፣ የሂደት ዝርዝሩን፣ የመጨረሻውን ውሳኔ፣ ፕሮቤሽን ከነበረም ትእዛዙንና መጠናቀቁን የሚያሳየውን ወረቀት አብሮ ማውጣት ይሻላል። ክፍያው ለአንድ ገጽ ኮፒ 50 ሳንቲም፣ ለማረጋገጫው 5 ዶላር ነው፤ ለቃለ መጠይቁ ቀን ከሚደርሰው መጓተት አንጻር ብዙ የሚባል አይደለም። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት እስከሆነ ድረስ ባለጉዳዩ ራሱ መቅረብ ግዴታ ስላልሆነ፣ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የተዛወረ ሰው ዘመድ ወይም ጓደኛ ልኮ ሊያስወጣ ይችላል። በፖስታ መጠየቅም አለ፤ አስቀድሞ ደውሎ ጠቅላላ ክፍያውን መጠየቅ፣ በደብዳቤው ውስጥ የመመለሻ አድራሻና ቴምብር ያለበት ፖስታ ማስገባት ይጠቅማል። የወጣት ጥፋተኞች መዝገብና በዳኛ ትእዛዝ የታሸገ ፋይል ግን በዚህ መንገድ አይገኙም።

አሁን ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን የሚያፋልስበት ቦታ ላይ ደርሰናል። መዝገብ ማሰረዝ፣ ኤክስፐንጅመንት የሚባለው፣ ለሥራና ለቤት ኪራይ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ ለሕዝብ ክፍት ከሆነው ማኅደር ስለሚወጣ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ በስምዎ የምታገኘው ነገር አይኖርም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ግን አሻራዎን በኤፍቢአይ በኩል ሲያጣራ መያዝዎን ሊያይ ይችላል፤ ያን ጊዜም የሚጠይቀው የተሰረዘውን ወረቀት ነው። ከዚህም በላይ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ወዲህ በነፃ መለቀቅ፣ በክስ መሰረዝ ወይም በኖሌ ፕሮሴኳይ የተቋጩ ጉዳዮች ከሦስት ዓመት በኋላ ባለጉዳዩ ሳያመለክት በራሳቸው እንዲሰረዙ የሜሪላንድ ሕግ ያዛል። በ2022 ክሱ የተነሣለት ሰው በ2025 ዜግነት ሲያመለክት ፋይሉን ላያገኘው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ እንደተቋጨ፣ ነገሩ ትኩስ ሳለ፣ ሁለት ወይም ሦስት የተረጋገጡ ቅጂዎች አውጥተው ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡ። አመልክተው ያሰረዙ ከሆነም ፍርድ ቤቱና ፖሊስ ትእዛዙን መፈጸማቸውን ገልጸው የሚልኩትን ወረቀት አይጣሉ።

[በስክሪን ላይ፦ የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ካርታዎች።]

ሌላ ቦታ ለሚኖሩ ተመልካቾች መሠረቱ ያው ሆኖ ዝርዝሩ ይለያያል። በቨርጂኒያ የጄኔራል ዲስትሪክት ኮርቶች ፍለጋ በነፃ ነው፤ የልደት ወርና ቀንን ስለሚያሳይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ሰው ለመለየት ይረዳል። አሌክሳንድሪያ በየትኛውም ካውንቲ ሥር የሌለች ራሷን የቻለች ከተማ ስለሆነች፣ እዚያ የተከሰሰ ሰው ፌርፋክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ውስጥ ቢፈልግ አያገኝም። በሲያትልም እንዲሁ፣ ከባዱ ወንጀል በኪንግ ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርት ሲታይ በከተማው ውስጥ የተፈጸመ ቀላል ወንጀል ወደ ሲያትል ሙኒሲፓል ኮርት ይሄዳል፤ የከተማው ፍርድ ቤት መዝገብም ከካውንቲው ጋር አይቀመጥም።

የቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርቶች የቀላል ወንጀል መዝገብን የሚያቆዩት 10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይወገዳል። መዝገቡ ከተወገደ ባዶ እጅዎን አይመለሱ፤ በስምዎና በልደት ቀንዎ ተፈልጎ መዝገብ እንዳልተገኘ ወይም በጊዜ ብዛት እንደተወገደ የሚገልጽ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ከክለርኩ ይጠይቁ። ተይዘው ክስ ሳይመሠረት የተለቀቁ ከሆነ ደግሞ ክስ አለመቅረቡን የሚገልጽ ጽሑፍ ከያዘዎት ፖሊስ መምሪያ ወይም ከፍርድ ቤቱ ማግኘት ይችላሉ። ደብዳቤውን ሲቀበሉ በመታወቂያዎ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሲያዙ የተመዘገበውን የስም አጻጻፍ ጭምር መያዙን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ያረጋግጡ፤ ፊደሉ ተሳስቶ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት እንዲታረም ይጠይቁ።