ሲያሸንፍ መኪናው፣ ሲገለበጥ ሹፌሩ

(ኮምቦልቻ ላይ በአሽከርካሪና በመካኒክ ሠልጣኞች የምረቃ ቀን የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዱዓ አድርጋችሁ ያስጀመራችሁን አባቶች፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከወረኢሉ ልጆቻችን ብላችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሠልጣኞች፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ይዣለሁ። አብዛኛውን ዘመኔን የፈጀሁት ተሳቢ እየጎተትሁ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጌ ሚሌ ስወርድ ስወጣ ነው። ዛሬ ስለ መንገድ ደኅንነት ተናገር ተብያለሁ። እናገራለሁ። መግቢያዬ ግን ባለፈው ሳምንት ቡና ቤት የሰማሁት ክርክር ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

እሑድ ነበር። ደሴ ፒያሳ ተቀምጠን የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር እናያለን። ከእናንተው አንዱ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሹፌር፣ ቬርስታፐንን ዝም ብላችሁ ታገኑታላችሁ፤ መኪናው ነው እኮ! ያንን መኪና ለእኔ ይስጡኝና ከዚያ እዩኝ» አለ። አጠገቡ የነበረው የመካኒክ ሠልጣኝ ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ተቆጣ። «መሪውን የሚይዝ ሰው ከሌለ መኪና ቆርቆሮ ነው» አለው። ሹፌሩ ለመኪናው፣ መካኒኩ ለሹፌሩ ሲሟገት መስማት ልቤን አሞቀው። እኔ ያን ቀን ዝም አልሁ። መልሴን ይዤ የመጣሁት ዛሬ ነው።

መጀመሪያ ለመኪናው ለተሟገተው ልጅ ልፍረድ፤ ማስረጃ አለውና። ጄንሰን ባተን የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 2008 የሆንዳን መኪና እየነዳ ዓመቱን ሙሉ ያገኘው 3 ነጥብ ብቻ ነበር። ሆንዳ ተስፋ ቆርጦ ወጣ፣ ሮስ ብራውን የሚባል መሐንዲስ ቡድኑን ተረከበ። መሐንዲሶቹ ከመኪናው ሆድ ሥር አየር የሚያስወጣውን የኋላ ክፍል ባለ ሁለት ፎቅ አድርገው ሠሩት፤ መኪናው አስፋልቱን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። በ2009 ባተን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ፣ የዓለም ሻምፒዮንም ሆነ። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው። ፌርናንዶ አሎንሶን ደግሞ ተመልከቱ። በ2005 እና በ2006 ሻምፒዮን የነበረ ሰው በ2015 ደካማ ሞተር ባለው ማክላረን ላይ ተቀምጦ 11 ነጥብ ብቻ ለቀመ። እጁ አልሰነፈም፤ የተቀመጠበት ነው የሰነፈው። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1950 እስከ 2014 የተደረጉትን ውድድሮች መርምረው፣ ለውጤት ልዩነት ምክንያት ከሚሆነው 86 በመቶ ገደማውን ለቡድኑ፣ ቀሪውን ለሹፌሩ ሰጥተዋል። ቡድን ማለት መኪናው፣ ገንዘቡ፣ መሐንዲሱና መካኒኩ ነው።

እንግዲህ «አሸነፍሁ» ብለህ ቡናህን ከማዘዝህ በፊት ቀሪውን ስማ።

በፎርሙላ ዋን እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መኪና ይሠራል፤ ሁለት አድርጎ ሠርቶም ለሁለት ሹፌር ይሰጣል። ስለዚህ የአንድን ሹፌር ልክ ማወቅ የፈለገ ሰው ከሌላ ቡድን ሹፌር ጋር አያወዳድረውም፤ የጎኑን ጓደኛ ያያል። በ2023 ከ22 ውድድር 21ዱን ያሸነፈው የቬርስታፐን ቡድን፣ ሬድ ቡል ነው። የቀረችውን የሲንጋፖርን ካርሎስ ሳይንዝ በፌራሪ ወሰዳት። መኪናው ብቻ ቢሆን 21ዱን ሁለቱ ሹፌሮች እኩል በተካፈሉት ነበር። ቬርስታፐን 19፣ የጎኑ ጓደኛ ፔሬዝ 2። በነጥብ 575 ለ285። ዓመት አልፎ መኪናው ሲዳከም ቡድኑ ሦስተኛ ወጣ፤ ቬርስታፐን ግን በዚያው መኪና እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፣ ፔሬዝ ስምንተኛ። በዚያ ዓመት ብራዚል ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። ቬርስታፐን ከ17ኛ ቦታ ተነሥቶ አንደኛ ገባ። ዝናብ ላይ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱ ሲረጥብ የሞተር ጉልበት ብዙ አይረዳም፤ ጎማው ሊከዳ ሲል ቀድሞ የሚሰማው እግርና እጅ ነው የሚያወጣው።

ፔሬዝ ግን ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ስለ እሱ የምነግራችሁ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ነው።

በ2020 መጨረሻ ባሕሬን ላይ ነው፤ ሳኪር የተባለው ውድድር። የመርሴዲስ ቡድን ሹፌር ሃሚልተን ሰባተኛ ሻምፒዮንነቱን ካገኘ በኋላ ኮሮና ያዘው። ጆርጅ ራስል የሚባል ወጣት ተተካ። ራስል ከመጨረሻዎቹ ቡድኖች በአንዱ በዊሊያምስ እየነዳ እስከዚያ ቀን አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ የሃሚልተን መቀመጫ ጠበበው፤ ከልኩ ያነሰ ጫማ አጥልቆ ነው የገባው። ሲጀመር ቦታስን፣ ዓመታት በዚያ ቡድን የነዳውን ሰው፣ ቀድሞ ወጣና ውድድሩን መራ። ይህን ስታዩ «አየህ፣ መኪናው ነው» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን እዚያው መኪና ላይ የተቀመጠውን ቦታስን ከኋላው አስቀርቶታል፤ «ሹፌሩም ነው» ያለውም ልክ ነው።

ከዚያ ጎማ ለማስቀየር ገባ። በሬዲዮ ንግግር መደናበር የተነሣ መካኒኮቹ የቦታስን የፊት ጎማዎች ለራስል ገጠሙለት። ሕጉ አይፈቅድምና ተመልሶ መግባት ግድ ሆነበት። እንደገና እየቀደመ፣ እየቀደመ ከፊት የሚነዳው ላይ ሊደርስ ሲል ጎማው ተነፈሰ። ዘጠነኛ ገባ። ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? በመጀመሪያው ዙር ተገጭቶ የሁሉም መጨረሻ ሆኖ የነበረው ሰርጂዮ ፔሬዝ! ያው ከሦስት ዓመት በኋላ በዓለም ፈጣኑ መኪና ላይ ተቀምጦ ሁለት ብቻ ያሸነፈው ፔሬዝ። ለቬርስታፐን የሚመቸው አፍንጫውን ቶሎ የሚያዞር፣ ኋላው ትንሽ የሚከዳ መኪና ነው፤ ለፔሬዝ እንዲህ ያለ መኪና አይመችም። መኪና እንደ ጫማ ነው፤ ለአንዱ ልኩ የሆነው ሌላውን ይልጠዋል።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን የእነዚያው አባቶች ልማድ ሌላም ይናገራል፤ ጀግናውን የሚጠሩት በፈረሱ ስም ነበር። የእኛ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበሩ። በ1888 ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ የመሩት ሰው ስም ከፈረሳቸው ስም ጋር አንድ ላይ ነው የሚነሣው። ሰውየውን ከፈረሱ ለይቶ «ማነው ያሸነፈው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔን የሚቆጨኝ የባልደራሱ ስም ነው፤ የፈረሱን ኮቴ ሲያይ፣ ኮርቻው የላጠውን ጀርባ ሲያክም ያደረው ሰው ስም በፉከራውም በቀረርቶውም የለም።

አሁን ወደ ሐረጎ ልውረድ።

ከደሴ ወደዚህ የመጣችሁ ዛሬ ጠዋት ወርዳችሁታል። ከሃያ ኪሎ ሜትር ብዙ ባልራቀ መንገድ ውስጥ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ኩርባው ኩርባ ይወልዳል። ከዛሬ 18 ዓመት በፊት እህል ጭኜ በዚያ ስወርድ ፍሬኔ እምቢ አለ። የፍሬን ሸራው ማለቁን መካኒካችን ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሮን ነበር። ባለንብረቱ «አንድ ጉዞ ይሂድና» አለ። እኔም እሺ ብዬ ቁልፉን ተቀበልሁ። ይህን በረዳቴ ፊትም ቢሆን እናገረዋለሁ፤ እሺ ማለት አልነበረብኝም። በሁለተኛ ማርሽ ስለነበርሁ ሞተሩ ትንሽ ያዘልኝ፤ መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው አስጠግቼ ቋጥኙ ላይ እያሻሸሁ አቆምኋት። ረዳቴ እጁ ተሰበረ፣ እኔ ተረፍሁ።

ሰው ተሰበሰበ። «አንተ የእጅ ሰው፣ ጀግና!» አሉኝ። በዚያው ክረምት በዚያው መንገድ የሥራ ጓደኛዬ ገደል ገባ። እኔ እንደነዳሁት ያለ መኪና፣ እንደኔው ያረጀ ሸራ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ይፈጥን ነበር አሉ፣ ቅሞ ነበር አሉ» ሲባል ሰማሁ። ሸራውን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ዝም አልሁ። ያ ዝምታ እስካሁን ይከብደኛል።

ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። አውሮፓ ላይ ሹፌር ሲያሸንፍ «መኪናው ነው» እንላለን። ሐረጎ ላይ ሹፌር ሲገለበጥ ግን «ሹፌሩ ነው» እንላለን። ለምን? ለድሉ ድርሻ ያለው መኪና ለአደጋው ድርሻ የማይኖረው በምን ሒሳብ ነው? 86 ከመቶ የቡድኑ ነው ካልን፣ በገደሉም ጊዜ ቡድኑ ይጠየቅ እንጂ። ሸራ ያልገዛው ይጠየቅ፣ ከልክ በላይ ያስጫነው ይጠየቅ፣ ሳያይ የፈረመው ይጠየቅ። ሹፌሩም አይቅር፤ እንቅልፍ ይዞት፣ ምርቃናው ሳይለቀው መሪ የጨበጠ፣ ቁልቁለት በነጻ ማርሽ የወረደ ጥፋቱ የራሱ ነው። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ብዬ ስንቴ ነግሬአችኋለሁ! ፍሬን ደጋግመህ ስትረግጠው ይግላል፣ ሲግል መያዙን ያጣል፤ ያኔ የእጅ ብልሃት ብቻውን አያወጣህም።

ለቡና ቤቱ ክርክር መልሴ ይኸው ነው። ቬርስታፐን ያንን መኪና ባያገኝ 19 አያሸንፍም። ያንን መኪና ያገኘ ሁሉም 19 አያሸንፍም። ጀርመናዊው ሹፌር ሹማከር ፌራሪ በገባበት በ1996 ቡድኑ ከ1979 ወዲህ የሹፌር ሻምፒዮና አላየም ነበር። ራሱ ሻምፒዮን የሆነው በ2000 ነው። በመሀል ያለው አራት ዓመት የመሐንዲሶቹ የሮስ ብራውንና የሮሪ በርን፣ ስማቸውን የማናውቃቸው የብዙ መካኒኮችም ነው። እሱም እየነዳ፣ እየተናገረ፣ እየሰማ አብሯቸው መኪናውን ሠርቷል። ልጆቼ፣ ከመኪናችሁ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመካኒካችሁ ጋር ተነጋገሩ። «ትንሽ ድምፅ አለው» ካላችሁት፣ እሱም «አይወጣም» ሲላችሁ ቁልፉን አስቀምጡ። ባለንብረቱ ቢቆጣ፣ አብሽሩ፤ ቁጣ ያልፋል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ፎርሙላ ዋን ሲያልቅ መድረኩ ላይ የሚወጡት ሦስት ሹፌሮች ብቻ አይደሉም፤ አራተኛ ሰው አለ። ያሸነፈው ቡድን ከሠራተኞቹ አንዱን ይልካል፣ የቡድኑን ዋንጫ እሱ ይቀበላል። በ2019 ብራዚል ላይ ከቬርስታፐን ጋር የወጣችው ሃና ሽሚትዝ ነበረች፤ ጎማ መቼ እንደሚቀየር የምታሰላው መሐንዲስ።

አዘጋጆቹን ትናንት ለምኛቸው ፈቅደውልኛል። ዛሬ አሽከርካሪው ስሙ ተጠርቶ ወረቀቱን ሊቀበል ሲወጣ፣ ወርክሾፕ ውስጥ አብሮት የሠራው መካኒክም ስሙ ይጠራል፣ አብሮት ይወጣል። እናቶች፣ እልልታው ለሁለቱም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስሞች አንብቡልን።