ከቁጥር 11 በፊት ያሉት 10 ቁጥሮች

ማርታ፦ እሺ፣ ቀረጻው ጀምሯል? ጀምሯል። ሰላም ናችሁ ወዳጆቻችን፣ ማርታ ነኝ። ከእኔ ጋር እንደተለመደው ዮናስ አለ።

ዮናስ፦ አለሁ። ሰላም ለሁላችሁ። ማርታ ዛሬ ልታጋልጠኝ ነው የመጣችው፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።

ማርታ፦ (ሳቅ) ባለፈው ቀረጻውን ጨርሰን ስንወጣ ያልከኝን ነገር አድማጭ ፊት እንድትደግመው ብቻ ነው የምፈልገው። "ኤርምያስ 29፥11ን ለሁለት ወር ማየት አስጠልቶኝ ነበር" አላልክም?

ዮናስ፦ ብያለሁ። ግን ቆይ፣ ጥቅሱ ምንም አላደረገኝም። ጥፋቱ የተጠቀምኩበት መንገድ ላይ ነው። ልናገረው በቃ። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ በጣም የምፈልገው ሥራ ነበር። ሦስት ዙር ኢንተርቪው አልፌያለሁ። ያኔ ያንን ጥቅስ የስልኬ ስክሪን ላይ አደረግኩት፤ "ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም" የሚለውን። ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ፣ ማታ ስተኛ አየዋለሁ። ለሰው ሁሉ "ሥራው የእኔ ነው፣ ቃል አለኝ" እላለሁ።

ማርታ፦ ከዚያስ?

ዮናስ፦ ከዚያማ ደውለው እንኳን አልተሳካም አላሉኝም። ዝም። እኔም እግዚአብሔርን ዝም አልኩት። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ወር አልከፈትኩም። በመጨረሻ አንድ ሌሊት የከፈትኩት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልከራከር ነው። "እስቲ የት ላይ ነው ይሄን ያልከው?" ብዬ። ለክርክር ማስረጃ ያስፈልጋል አይደል? ስለዚህ ከምዕራፉ መጀመሪያ ጀመርኩ። ደብዳቤ መሆኑን እንኳን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ማርታ፦ ይሄ ነገር የብዙዎቻችን ነው። ቁጥር 11ን በቃሉ የማይወጣ የለም፣ ለማን እንደተጻፈ ሲጠየቅ ግን...

ዮናስ፦ ለምርኮኞች ነው የተጻፈው! ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱን፣ የእጅ ባለሙያዎቹን ለቅሞ ባቢሎን ወስዷል። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ቀርቷል፣ ደብዳቤውን ከዚያ ነው የላከላቸው። አሁን ምዕራፍ 28ን አንብቢ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ፣ ሕዝቡ ፊት ቆሞ "በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል" ብሎ ይተነብያል። ከኤርምያስ አንገት ላይ የእንጨቱን ቀንበር ወስዶ ይሰብረዋል። አስቢው፣ እኔ እዚያ ብኖር የምከተለው ሐናንያን ነው። ያለምንም ጥርጥር።

ማርታ፦ እኔም። ሁለት ዓመት ይሻላላ!

ዮናስ፦ ኤርምያስ ራሱ መጀመሪያ "አሜን፣ እንዲህ ያድርግ" ነው ያለው። ይሄ በጣም ነው የነካኝ። እሱም ቢሆን ቶሎ ቢያልቅ ይወዳል። ግን የተሰጠው መልእክት ያ አይደለም። ደብዳቤው ላይ የሚላቸው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ነው። ልጆችን መዳር ማለት እኮ እዚያው ትሰነብታላችሁ ማለት ነው። ቁጥር 10 ላይ ደግሞ ቁጥሩን ይነግራቸዋል፣ 70 ዓመት። እና ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ማርታ፦ ስለዚህ ደብዳቤው ሲነበብ አርባ ዓመት የሞላው ሰውዬ...

ዮናስ፦ አያየውም። የልጅ ልጁ ምናልባት። ለዚያ ሰውዬ የተሰጠው ተስፋ እሱ ራሱ የማይደርስበት ተስፋ ነው። እኔ ደግሞ ይሄን ደብዳቤ ይዤ "በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥራ" እያልኩ ነበር። ስሙ ኤርምያስ ይሁን እንጂ እኔ ስሰማ የነበረው ሐናንያን ነው።

ማርታ፦ ኧረ ይሄማ ከባድ ነው። አንድ ነገር ልጨምር? ጥቅሱ ራሱ "ለእናንተ" ነው የሚለው። እኛ ቋንቋ ላይ እኮ መደበቂያ የለውም። አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ ለየብቻ ናቸው። ቁልጭ ብሎ "እሰጣችሁ ዘንድ" ይላል። እያየነው "እሰጥህ ዘንድ" ብለን እናነበዋለን። እኔ ይሄን ካየሁ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ፤ ሳነብ "እናንተ" የሚለው ላይ ቆም እላለሁ። አንደኛ ቆሮንቶስ 3፥16ን ውሰድ፣ "የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ" ይላል። ሁሌ ስለ ራሴ ሰውነት ብቻ አስበው ነበር። ምዕራፉን ከላይ ስታነበው ግን የሚያወራው "እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ" እያሉ ለሚከፋፈሉ ሰዎች ነው። ቤተ መቅደሱ እነሱ አንድ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ቤተ መቅደሱን ስለሚያፈርስ ሰው የሚናገረውም ያኔ ነው የገባኝ። ማኅበሩን የሚከፋፍል ሰው ማለቱ ነው።

ዮናስ፦ እና ሕይወትሽ ላይ ምን አመጣ? ዛሬ እኔን ብቻ ነው እንዴ የምታናዝዥው?

ማርታ፦ (ሳቅ) ይገርምሃል፣ በፊት ይሄን ጥቅስ ሳነብ ስለ እንቅልፌና ስለ ጤናዬ ነበር የምወስነው፣ እሱም መጥፎ አይደለም። አሁን ሳነበው ግን ያኮረፍኳት አንዲት እህት ፊቴ ትመጣለች። የበፊቱ አነባበብ ይቀለኝ ነበር።

ዮናስ፦ ፊልጵስዩስ 4፥13ም ያው ነው፣ አናቆይበት። "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ።" ጳውሎስ ታስሮ ነው የጻፈው፣ "ሁሉን" ያለውም አንድ ቁጥር ከፍ ስትዪ ተዘርዝሯል፤ መጥገብም መራብም፣ መትረፍረፍም ማጣትም። እችላለሁ ሲል እሸከመዋለሁ ነው። አሸንፋለሁ የሚለው ከእኛ የተጨመረ ነው።

ማርታ፦ ቁጥሮቹ ራሳቸው እንድንቆራርጠው አግዘውናል ልበል? ጳውሎስ ሲጽፍ እኮ ምዕራፍም ቁጥርም የለም። አሁን የምንጠቀምበትን የምዕራፍ አከፋፈል የሠራው ስቲቨን ላንግተን የሚባል መምህር ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ። የአዲስ ኪዳኑን ቁጥር ደግሞ ሮቤር ኤስቲየን የሚባል አታሚ በ1551 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን ላይ አወጣው። ልጁ እንደጻፈው ከሆነ ሥራውን የሠራው ከፓሪስ ወደ ሊዮን መንገድ ላይ ሆኖ ነው።

ዮናስ፦ ለዚህ ነዋ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ የሚቆረጠው!

ማርታ፦ (ሳቅ) ቁጥር መጥፎ አይደለም፣ አድራሻ ነው። ግን አድራሻ ይዘህ ቤቱ ሳትገባ ትመለሳለህ እንዴ? ጥቅስ ቆርጦ መጠቀም ያስፈራኝ ከጀመረ የቆየው በማቴዎስ 4 ምክንያት ነው። ሰይጣን ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ መዝሙር 91ን ይጠቅስለታል። ቃል በቃል ይጠቅሳል! ግን መዝሙሩ ላይ "በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ" የሚል አለ፣ እሱ ጋ "በመንገድህ ሁሉ" የለም። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ፣ እባብን ስለ መርገጥ የሚያወራውን፣ እዚያ አልደረሰም።

ዮናስ፦ አይደርሳ!

ማርታ፦ ጌታ ሲመልስለት "ጥቅስህ ውሸት ነው" አላለውም። "ደግሞ ተጽፎአል" ነው ያለው። ደግሞ የምትለዋ ቃል ለእኔ ሙሉ ትምህርት ናት። አንዱ ጥቅስ ሌላው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነበበው።

ዮናስ፦ እሺ፣ አሁን አንድ ሰው እየሰማን "ታዲያ አንድ ጥቅስ ይዤ መጽናናት ተከለከለ?" ሊል ይችላል።

ማርታ፦ እኔም ልጠይቅህ ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ አልስማማህም። ሰው አልጋ ላይ ሆኖ፣ ሌሊት ሲጨንቀው፣ "መጀመሪያ ታሪካዊ ዳራውን አጥና" አትለውም። ያለችውን አንዲት መስመር ይዞ ይደር። መዝሙረኛውም ያንን ነው ያደረገው።

ዮናስ፦ ተስማምቻለሁ፣ ሙሉ በሙሉ። እኔ የምለው ለውሳኔ ስንጠቀምበት ነው። ለመጽናናት አንዲት መስመር ትበቃለች። "እግዚአብሔር ይሄን ቃል ገብቶልኛል" ብለሽ ሕይወትሽን ልትመሪበት ከሆነ ግን ቢያንስ ምዕራፉን አንብቢ። እኔ ያልሰጠኝን ቃል ነው "አልጠበቅክልኝም" ብዬ የተቆጣሁት።

ማርታ፦ በተግባር እንነጋገር። አሁን እንዴት ነው የምታነበው?

ዮናስ፦ በፊት በዓመት የመጨረስ ፕሮግራም ነበረኝ። በ66ቱ መጻሕፍት ቆጠራ 1,189 ምዕራፍ ነው፣ ለ365 ቀን ስታካፍዪው በቀን ሦስት ከምናምን። መጥፎ አይደለም፣ አጠቃላይ መልኩን ያሳይሻል። ግን እኔ ሳጥኗን ምልክት ለማድረግ ነበር የማነበው። ዘሌዋውያን ላይ ዓይኔ ይሄዳል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። አሁን አንድ አጭር መጽሐፍ እይዛለሁ። ፊልጵስዩስ 104 ቁጥር ብቻ ነው፣ ጮክ ብለሽ ብታነቢው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በአንድ ቁጭታ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። በማግስቱ ያንኑ፣ በማግስቱም ያንኑ። ሳምንት ሲሞላ ሰውዬው ሲናገር የምሰማው ይመስለኛል።

ማርታ፦ ጮክ ብለህ ያልካት ላይ ልያዝህ። መዝሙር 1 ላይ "ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል" የሚለው፣ የዕብራይስጡ ቃል ሃጋ ነው። ዝም ብሎ በጭንቅላት ማሰብ ብቻ አይደለም፣ ድምፅ አለው። ኢሳይያስ 31፥4 ላይ አንበሳ ንጥቂያው ላይ ሆኖ የሚያሰማው ድምፅ ያው ቃል ነው። አንበሳ አጥንት ይዞ ሲያጉረመርም አስበው። ማሰላሰል ሲባል ፀጥ ብሎ ዓይን መጨፈን ይመስለኝ ነበር።

ዮናስ፦ (ሳቅ) ጎረቤት እንዳይፈራሽ ብቻ! እና ካነበብኩ በኋላ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። መጀመሪያ "ለእነሱ ምን ማለት ነበር?" ከዚያ "ዛሬ ምን ላድርግ?" እዚህ ሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ተሸውጃለሁ። "ፍቅር ይኑረኝ፣ ትሑት ልሁን" እያልኩ ደብተር እሞላለሁ። ደብተሬ ትሑት ሆኗል፣ እኔ ግን እዚያው ነኝ።

ማርታ፦ ዕዝራ 7፥10 ትዝ አለኝ። ሕጉን ይፈልግ፣ ያደርግ፣ ያስተምር ዘንድ ልቡን አዘጋጀ ይላል። እኛ መሃለኛውን ዘለን ማስተማር ላይ እንገኛለን። ይሄው ማይክ ይዘን ተቀምጠናል።

ዮናስ፦ የስሜን ባለቤት እይዋ! ነቢዩ ዮናስ ከዓሣው ሆድ ሆኖ የሚጸልየው ጸሎት ከመዝሙረ ዳዊት ጋር የሚመሳሰል ቃል ሞልቶበታል። ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ "ቸርና ታጋሽ፣ ምሕረትህ የበዛ አምላክ እንደ ሆንህ አውቄ ነበር" ይላል። ይሄ ዘፀአት 34 ላይ እግዚአብሔር ለሙሴ ስለ ራሱ የተናገረው ነው። ሰውዬው ያውቀዋል! የሸሸው ስለማያውቅ አይደለም። ስላወቀ ነው የሸሸው፣ ነነዌን ይምራታል ብሎ ፈርቶ።

ማርታ፦ ዋው። እሺ፣ አንተስ? የዚያ የደብዳቤ ነገር የት ደረሰ?

ዮናስ፦ ሌላ ሥራ አገኘሁ፣ ያልፈለግኩትን። አለቃዬ... ተወው። ከዚያ ቁጥር 7 ላይ "ላስማረክኋችሁ ከተማ ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ" ይላል። ማርከው ለወሰዷቸው ሰዎች ከተማ! ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ጠዋት ጠዋት ለአለቃዬ በስሙ ልጸልይለት። ሁለት ደቂቃ። ሰውዬው ይለወጣል ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ማርታ፦ ተለወጠ?

ዮናስ፦ አልተለወጠም። ግን ጠዋት የጸለይሽለትን ሰው አራት ሰዓት ላይ ለሻይ ስትወጪ ማማት ይከብዳል። ወሬው ሲጀመር አፌ እንደ በፊቱ አይታዘዘኝም። መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ፣ ያቺ የሐሜት ሰዓት ደስ ትለኝ ነበር።

ማርታ፦ አሁንም ትጸልይለታለህ?

ዮናስ፦ ...

ማርታ፦ ዮናስ።

ዮናስ፦ ከሰኞ ጀምሮ አቋርጫለሁ። ሰኞ የጻፈልኝን ኢሜይል ብታዪው...

ማርታ፦ ማይኩን ላጥፋውና አሳየኝ። ወዳጆቼ፣ ሳምንት እንገናኝ።